ግራ የገባው ጓንት

ከጀልባ ሞተር ክፍል፣ ከብረት ደረጃ ወድቄ፣
ጉልበቴን በብሎን ጠምደውት፣ እንደ ዓሣ ቋንጣ ደርቄ፣
ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ የጣራውን ሳንቃ ቆጥሬ ስጨርስ
ሳያንኳኳ ገባ ብራንዱር፣ ውኃ ከጫማው ሲፈስስ።
ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ሹራብ ይማራል።
“ሄይኒ” አለኝ፣ “እጅህ ሥራ ሲፈታ ምላስህ ይመራል።”
አምስት አጫጭር መርፌ፣ አንድ ልቃቂት ግራጫ ክር
ጭኔ ላይ ጣለልኝና፣ “ጓንት ነው” አለ፣ “ጀምር።”

አርባ ዓመት ፒስተን የፈታሁ፣ ብሎን በጨለማ የማስር
ከበግ ጠጉር ተጣላሁ፣ ከአንዲት ዐይን ጋር ስደናበር።

አንጓው ደኅና ሄደ፤ ዙር በዙር፣ እንደ ቧንቧ ወጣ።
አውራ ጣቱ ዘንድ ስንደርስ ነው ነገር የመጣ።
“እዚህ ይሰፋል፤ ዐይን እንጨምር” አለ። “ከየት?” አልሁት።
“ከመሐል።” ጣቱን ተከትዬ አየሁት፤
በሁለቱ ዐይኖች መካከል፣ እንደ መሰላል እርከን
የተጋደመች ክር አለች። “እሷን እንቀስቅስ” አለኝ፣ “አሁን።”

“ከፊት ገብተህ ካነሣሃት፣ በጀርባዋ በኩል ሥራት፤
ወደ ግራ ታጋድላለች።
ከኋላ ገብተህ ካነሣሃት፣ በፊቷ በኩል ሥራት፤
ወደ ቀኝ ታጋድላለች።
አንገቷን ሳትጠመዝዝ ካለፍህ ግን” (ጣቱን በመስኮቱ ስንጥቅ ሰድዶ)
“ቀዳዳ። ንፋስ ይገባል።”

“ግራ ገባኝ” አልሁ።
“ግራው ከገባህ፣ ቀኙ ብቻ ነው የቀረህ።”

ኖልሶይ ላይ የማያጋድል የለም፤ አጥሩ ወደ ባሕር፣
በጉ ወደ ገደል፣ ባንዲራው ወደ መቃብር፤
ሰማዩም ያዘነብላል፤ ሲያዘነብል ያዘንባል፤
ቀጥ ብሎ የሚቆም ሰው እዚህ እንደ እንግዳ ይታያል።

ሌሊት ብቻዬን ሠራሁ። ቆጠርሁ፤ ተሳደብሁ፤ ሠራሁ።
ቀኙን እየረሳሁ፣ ያንኑ ግራ ደጋገምሁ።
ሲነጋ አውራ ጣቱ አንገቱን ደፍቶ፣ ተጣሞ በአንድ ጎን፣
እንደ ሰካራም ተደግፎ አገኘሁት መዳፉን።

ብራንዱር አልሳቀም። እኔ ያረጀ የሞተር ቀበቶ እንደማይ
ገለባብጦ መረመረው፣ ከውስጥም ከላይ።
“ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ነው። ፍታው።”
“ለምን? ጣት እኮ ይገባበታል።”
“ይገባል። ግን ይጨንቀዋል።
አንዱ ወደዚያ፣ አንዱ ወደዚህ፣ እየተራራቁ ሲሄዱ ነው
መካከል ያለችው ዐይን ስፍራ የምታገኘው።”
ይህን ሲል ቀና አላለም። ከሱፉ ላይ ጭድ ይለቅማል።

እናቱ ከጥር ወዲህ ቶርስሃቭን ናት፤ አባቱ እዚሁ፣ ከበጎቹ ጋር።
አንድ ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ፤ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በባሕር።
የሚያመላልሰውን ሞተር የምጠብቅ እኔ ነበርሁ፤
ከታች፣ ከዘይትና ከጩኸት መሐል፣ ማን እንደ ተሳፈረ መች አየሁ።

ፈታሁት። ክሩ ጠመዝማዛውን አልረሳም፤
እንደ በግ ጠጉርነቱ ዘመን ተኮማትሮ ወጣ።
“ቀኝ” ይላል ልጁ። “መካከሏን። ግራ።
ሁለት ዙር ዝም ብለህ እለፍ። ደግሞ ቀኝ።”
አንዲቷ ዐይን ሦስት ሆነች፣
አምስት፣ ሰባት፤
ዐሥራ አምስት ስትሞላ፣ አውራ ጣቴ እንደ ባለቤት ገባባት።

ሰኞ ጀልባዋ ስትወጣ በምርኩዝ መስኮቱ ጋ ቆምሁ፤
ባለ ጓንቱን እጄን፣ አንዱን ብቻ፣ አነሣሁ።
ያየኝ አይመስለኝም። ሁለተኛው ጓንት ገና ነው፤
“እሱ የመጀመሪያው መስታወት ነው” ብሎኛል፤ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ይወቀው።
በመዳፉ ጥግ፣ አንገቷን መጠምዘዝ የረሳሁላት አንዲት ዐይን አለች፤
ቀዳዳ ናት። ንፋስ ታስገባለች።
የዛሬ ሳምንት ሲመለስ ያገኛታል፤
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ “ፍታው” ይለኛል።